ከመጋረጃው ወዲያ የተሰማው

ጥቅምት 8

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱስ? ሥራውስ? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? እኔ ከዚህ ከማይረባ ወገቤ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። አንቺን ግን እሱ ራሱ አጠገብሽ ተቀምጦ ያጽናናሽ። እኔማ በወረቀት ምን አቅም አለኝ።

በስልኩ ሞክረነው ነበር። አንቺ ስታለቅሺ፣ እኔ ሳለቅስ፣ አንድም ነገር ሳንነጋገር ካርዱ አለቀ። ስለዚህ ብዕር ይሻላል ብዬ ነው። ጽሑፌን ታውቂዋለሽ፤ እናትሽ "ይሄ ዶሮ የጫረው ነው እንጂ ሰው የጻፈው አይደለም" እያለች ስትስቅብኝ ነው የኖረችው። አንብቢው ብቻ፣ ትለምጂዋለሽ።

ሰው ሲጠይቀኝ የአጎቴ ልጅ ናት እላለሁ እንጂ እትዬ፣ እናትሽ፣ ለእኔ እህቴም እናቴም ነበረች። ጸጉሬን ስትሠራኝ ዝም ካላልኩ ጆሮዬን በማበጠሪያው እየመታች ነው ያሳደገችኝ። ሆስፒታላችን የገባች ዕለት፣ እኔ በምሠራበት ክፍል አልጋ እንዲሰጧት ኃላፊዋን ሲስተር እግሯ ሥር ወድቄ ለመንኳት። ከዓይኔ እንዳትርቅ ብዬ ነው። በመጨረሻዋ ሳምንት ትንፋሿ አጠረ እንጂ አፏ አላጠረም። ምግብ የሚያድለውን ሰውዬ "ይሄን ሾርባ እስቲ አንተ ቅመሰውና በሕይወት ከቆየህ እኔም እጠጣዋለሁ" አለችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ያን ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። ቁርስ ሳይታደል ነው ያረፈችው። አልተሠቃየችም። ሐኪሙ መጥቶ አይቷታል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ በወጉ ተደርጎላታል፤ በዚህ በኩል እንዳታስቢ። አጎትሽ ተደውሎለት መጥቶ ሲያያት "ተኝታ ነው እንዴ?" ነው ያለኝ።

የቀረውን ስንገናኝ አጫውትሻለሁ። መነጽሯ እኔ ጋ ነው። ልላከው ወይስ ላስቀምጠው? ደግሞ ምግብ ብዪ። እንደማትበዪ ከድምፅሽ አውቄያለሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።
የምትወድሽ አክስትሽ


ኅዳር 2

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስሽ። ወገብሽን ፈጣሪ ይማርልኝ።

ደብዳቤሽን የሥራ ቦታዬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ነው ያነበብኩት። ስፌት ክፍላችን ውስጥ ማሽኑ ሁሉ ስለሚጮህ ሰው ቢያለቅስም አይሰማም። ተቆጣጣሪዋ ግን ታያለች። የኮቱ አንገት ላይ እንባ ከወደቀ ምልክት ይተዋል ብላ ትቆጣለች።

መነጽሯን አስቀምጪልኝ።

"የቀረውን ስንገናኝ" ብለሻል። መቼ እንደምንገናኝ ስለማላውቅ ነው የምጠይቅሽ። ስታርፍ አጠገቧ ማን ነበር? ማን አጠባት? ምን ያህል ሰዓት እዚያ ክፍል ቆየች? አጎቴን ስጠይቀው "ሁሉም በወጉ ነው" ይለኛል። አንቺም "በወጉ" ብለሻል። ወጉ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አጣሁ።

ያን ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ። በስልክ አልነገርኩሽም። ሻንጣዬን አስረክቤ ፍተሻው ሰልፍ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዣለሁ። አጎቴ ደወለ። "አትድከሚ፣ አልፏል። ቀብሩ ነገ ነው፣ አትደርሺም" አለኝ። ጫማዬን አድርጌ ከሰልፉ ወጣሁ። ሻንጣዬን እስኪያወጡልኝ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አውሮፕላኑ እያየሁት ተነሣ። የተመለስኩት ለማን ብዬ ልሂድ ብዬ ነው መሰለኝ።

የጠየቅኩሽን ሁሉ ጻፊልኝ። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ።

ልጅሽ


ኅዳር 26

ለማርዬ፣ ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ከርመሻል? አምላክ ልብሽን ያሳርፈው። ያቺን ተቆጣጣሪ ደግሞ እኔ አንድ ቀን አግኝቻት የኮት አንገት ባስጨበጥኳት!

አውሮፕላን ማረፊያ መሆንሽን አልሰማሁም ነበር። ደብዳቤውን አስቀምጬ ግቢውን ዞሬ መጣሁ። አጎትሽ እንኳ አልነገረኝም።

ልጄ፣ ብቻዋን አልነበረችም። ስታርፍ እጇ በእጄ ውስጥ ነበር። ለዚህ በእናትሽ ስም እምልልሻለሁ። ማን አጠባት ላልሽው፣ እዚህ ለዚያ ሥራ ሰው አለ፤ ተጠንቅቀው ነው የሚሠሩት። ስለ ሌላ ሌላው አትጨነቂ። የሰው ልጅ ስለ እናቱ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፣ ባያውቀው የሚሻለውም አለ። እኔ ይህን ሥራ ስሠራ ነው ጸጉሬ የሸበተው፣ እመኚኝ።

የክፍላችንን ወሬ ልንገርሽ፣ ትንሽ ፈገግ በዪ። ከእትዬ ጎን አልጋ ላይ እግሯ ተሰብሮ በክብደት ተሰቅሎ የነበረች ሴትዮ ነበረች። "ሬዲዮ" ነው የምንላት። አትነሣም፣ አትዞርም፣ ግን ኮሪደር ላይ ማን አስነጠሰ ቢሏት ታውቃለች። ጠዋት ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ዜና ትጀምራለች፣ እኔም "ኧረ ሌላው ይተኛበት!" ብዬ እጮህባታለሁ። ባለፈው ሳምንት በክራንች ወጣች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፋን።

ጤናሽን ጠብቂ። ወፍራም ካልሲ አድርጊ። ስለዚያ ነገር ደግሞ አታብሰልስዪ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 19

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ?

አጎቴ ደውሎልኝ ነበር። እርስዎ "ሬዲዮ" ያሏት ሴትዮ በክራንቿ እየተጎተተች እሱ ቤት ድረስ መጥታለች። ልታጽናናው መስሎት ወንበር ሲያቀርብላት "ሳልነግርህ ብሞት አምላኬ ይጠይቀኛል" አለችው።

የነገረችው ይህ ነው። ያን ጠዋት ሐኪሙ "አርፋለች" ሲል ሰምታለች። መጋረጃው ተዘጋ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ከመጋረጃው ወዲያ የሴት ድምፅ ይሰማል። ለእናቴ ነው የምታወራው። "አሁን ላዞርሽ ነው፣ አይዞሽ፣ ወደ እኔ በዪ" ትላታለች። "ልጅሽ መንገድ ላይ ናት" ትላታለች። ቀጥሎ እናቴ አቃሰተች። ሴትዮዋ ረጅም ማቃሰት ነው ያለችው። ከዚያ ሰው ሮጠ። ሐኪሙ ተመልሶ መጣና በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ከዚያ ጸጥ አለ። ምሳ ሊደርስ ሲል በቃሬዛ ወሰዷት።

እርስዎ እዚያ ነበርኩ ብለዋል። እጇ በእጄ ነበር ብለዋል። እንግዲያው ይንገሩኝ፦ ሞታለች ከተባለ በኋላ እናቴን የሚያናግራት ማን ነበር? ለሞተ ሰው አይዞሽ ይባላል? ሐኪሙ ለምን ሮጦ ተመለሰ? የሆነ ነገር ተሳስተው እርስዎም ሥራዎን ፈርተው ነው "ባያውቀው ይሻላል" የሚሉኝ?

አጎቴ ለሆስፒታሉ አቤቱታ አስገብቷል። በእኔ ስም ነው የገባው። ሐኪሙም ኃላፊዋ ሲስተርም ይጠየቁበታል።

አክስቴ፣ ይህ ነገር እውነት ከሆነ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል? ጫማዬን አድርጌ የተመለስኩት በሕይወት ካለች እናቴ ነው ማለት ነው። እየጠበቀችኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 21

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልስ አልመጣም። ፖስታ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ምንም የለም።

ስፌቱ ላይ ተቀምጬ ያ ማቃሰት ይሰማኛል። ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ ግን ማሽኑ ሁሉ እየጮኸ ከማሽኑ በላይ ይሰማኛል። ተቆጣጣሪዋ ለሦስት ቀን ከሥራ አሳርፋኛለች።

እስከ የካቲት መጨረሻ ካልጻፉልኝ በእርስዎም ስም ላይ ሌላ አቤቱታ እጽፋለሁ።


የካቲት 6

ልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ፈጣሪ ያንን ድምፅ ከጆሮሽ ያውጣልሽ። እኔም የምችለውን ላድርግ።

አንቱ ብለሽኛል። መጀመሪያ ሳነበው የተሳሳተ ቤት የመጣ ደብዳቤ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አድራሻውን አየሁት። የእኔ ነው። እሺ፣ ይሁን። እንደ ባዕድ ብትጽፊልኝም እኔ እንደ አክስትሽ እመልስልሻለሁ።

የዘገየሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። አቤቱታው ከገባ በኋላ ጉዳዩ እስኪጣራ ከቤተሰብ ጋር አንድም ቃል እንዳንነጋገር ተባልን። ሲስተር "አፍሽን ያዢ፣ አንቺንም እንዳይነኩሽ" አለችኝ፤ ለእኔው ብላ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ ቀድጄዋለሁ። ስለ እናትሽ ገላ ለአንቺ መጻፍ ቀላል መስሎሻል? አሁን ግን ሥራዬን ቢወስዱትም ይውሰዱት ብዬ ተቀምጫለሁ።

ያ ድምፅ የእኔ ነው። የማናግራት እኔ ነበርኩ። እሷ ደግሞ አርፋ ነበር።

ሥራዬን ተንትኜ ነግሬሽ አላውቅም። አልጋ አነጥፋለሁ፣ የታመመ አጥባለሁ፣ የማይችለውን አጎርሳለሁ። ሰው ሲያርፍ የምገንዘውም እኔ ነኝ። "ለዚያ ሥራ ሰው አለ" ያልኩሽ ሰው እኔ ነኝ። ስገንዝ ደግሞ አወራለሁ። ያስለመደችኝ አሁን ጡረታ የወጣች አንዲት አሮጊት ረዳት ናት። "ዝም ብለሽ ከነካሽው እንደ ዕቃ ታንሺዋለሽ፤ ካወራሽው ግን እጅሽ በራሱ ይለሰልሳል" አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅኩባት። ከዚያ በኋላ ግን እንደ እሷ ካልሆነ መሥራት አቃተኝ። የማያውቀኝ ሰው በመጋረጃው ቀዳዳ ቢያየኝ እብድ ናት ይላል፣ ይበል።

ያን ጠዋት እንዲህ ነው የሆነው።

ትንፋሿ እየራቀ እየራቀ ሄደና ቀጣዩን ስጠብቅ ቀረ። ሐኪሙንና ሲስተርን ጠራሁ። ሐኪሙ መጥቶ ደረቷን ረጅም ጊዜ አዳመጠ፣ ዓይኗን በባትሪ አየና "አርፋለች" አለ። ሲስተር ትከሻዬን ይዛ "አንቺ ሂጂ ተቀመጪ፣ ሌላ ሰው ይገንዛት። ዘመድ ዘመዱን አይገንዝም" አለችኝ። ደንባችን ነው። እኔም "እትዬን ከእኔ በቀር ማንም አይነካትም" አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝና መጋረጃውን ራሷ ዘጋችልኝ። ለአጎትሽ ገና አልተደወለለትም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይጸዳል፣ ቤተሰብ ከዚያ ይጠራል፤ ሰው ዘመዱን ቱቦ በቱቦ ሆኖ እንዳያይ።

ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ አወጣሁ። ፕላስተሩ ጉንጯ ላይ ሙጫ ትቶ ነበር፤ በዘይት ቀስ አድርጌ አሸሁት። ዓይኗን ጨፈንኩላት፣ እርጥብ ጥጥ አድርጌ ትንሽ ያዝኩት። ጥርሷን አስገባሁላት። የጥርሷን ነገር ታውቂያለሽ፤ ከሰው ፊት አውልቃው አታውቅም፣ ማታ እንኳ አንሶላ ተከናንባ ነበር የምታወልቀው። ይሄ ነገር በቶሎ ነው መደረግ ያለበት። መንጋጋ ከደረቀ በኋላ አይገባም፣ ሰውም የማይታወቅ ሌላ ሰው ይሆናል። "እትዬ፣ ጥርስሽን፣ ማንም አላየም" አልኳት። ፎጣ ጠቅልዬ ከአገጯ ሥር ደገፍኩ።

ውሃውን ለብ አድርጌ ነው ያመጣሁት። ቀዝቃዛውም ያው ነው ይሉኛል። ለእኔ ያው አይደለም። ፊቷን፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ አንገቷን፣ ክንዷን። መርፌ የገባበት እጇ ጠቁሮ ነበር፤ እዚያ ላይ ቆየሁ። "ይሄ መርፌ ወጊ እጁ ይጠቁር" አልኳት። አየሽ፣ ቢሰማት ኖሮ የምትስቅበትን ነው የማወራት።

ከዚያ ጀርባዋን ልጠብ ነው። አንድ እጄን ትከሻዋ ላይ፣ አንድ እጄን ዳሌዋ ላይ አድርጌ "አሁን ላዞርሽ ነው፣ አይዞሽ፣ ወደ እኔ በዪ። ልጅሽ መንገድ ላይ ናት። ስትደርስ ጽድት ብለሽ ትጠብቂያታለሽ" አልኩና ሳብኳት።

ያኔ ነው ድምፁ የወጣው።

ልጄ፣ ልደብቅሽ የነበረው ይህንን ነው። ሰው ካረፈ በኋላም ደረቱ ውስጥ አየር ይቀራል። ወደ ጎን ሲዞር ያ አየር በጉሮሮ ይወጣል፤ ሲወጣም ልክ እንደ ማቃሰት ነው። ስንቱን ገንዤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሳፋውን ከነውሃው ለቅቄ ኮሪደሩን ጨርሼ ግቢው ውስጥ ነው የተገኘሁት። እየሳቁ ነው የመለሱኝ። ከዚያ ወዲህ ለምጄዋለሁ።

ያን ቀን ግን የእትዬ ጉሮሮ ነው። እያወቅኩ እንደማላውቅ ሆንኩ። "እትዬ?" አልኳት። ደረቷ ላይ እጄን አደረግኩ፤ ትርታው የእሷ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ። ሬዲዮ የሰማችው የሮጠ እግር የእኔ እግር ነው። ሐኪሙን ሁለተኛ ክፍል አገኘሁትና በእርጥብ ጓንቴ ጋዋኑን ይዤ ጎተትኩት።

ያ ልጅ ወጣት ነው፣ ሌላ ቢሆን "ሂጂ ወዲያ፣ አየር ነው" ብሎ ይገላገለኝ ነበር። እሱ ግን መጣ። መጋረጃውን ዘጋና በሹክሹክታ "ምን ሰማሽ?" አለኝ። ነገርኩት። ደረቷን እንደገና አዳመጠ፣ በዚህም በዚያም፣ አንገቷንም ያዘ፣ ዓይኗንም ገልጦ አየ። አልቸኮለም። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። "አንቺም ስሚ" አለኝ።

ሰማሁ። ሰው የለቀቀው ባዶ ቤት ግድግዳ ላይ ጆሮሽን ብትለጥፊ የምትሰሚው ነው። ምንም። የገዛ ደሜ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። "ይበቃሻል ወይስ ልቆይ?" አለኝ። "ቆይልኝ" አልኩት። ጀርባዋን አጥቤ እስክጨርስ ትከሻዋን ይዞልኝ ቆመ። ንጹሕ አንሶላ ለበሰች። ጸጉሯን ሠራሁላት። ስሟን ጽፌ እጇ አንጓ ላይ አሰርኩ። ከዚያ ሲስተር ለአጎትሽ ደወለች።

እንግዲህ አንቺ ያላመንሽውን እኔም አላመንኩም ነበር። ልዩነታችን እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ መስማቴ ነው።

አጎትሽን ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። "ለመሥሪያ ቤትሽ ነው የምትከላከዪው" አለኝ። ክብሩን ጠብቄ አልተሳደብኩም፣ ልቤ ግን ተሳድቧል። "ተነሥ፣ ጫማህን አድርግ፣ ሬዲዮ ቤት እንሂድ" አልኩት።

ሬዲዮ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። "ውይ! የሆስፒታሏ! እንኳን በደህና መጣሽ፣ ክፍሉ እንዴት ነው፣ ማን ወጣ፣ ማን ገባ?" እኔም "ዜናው ይቆየን። እዚህ ወንድሟ ፊት ያን ቀን የሰማሽውን የሴት ድምፅ ብትሰሚው ታውቂዋለሽ?" አልኳት። "እንዴት አላውቅም! እስክሞት አልረሳውም። ድምፁ እንደ እናት ድምፅ ነው" አለች።

እንግዲያው ብዬ ጓዳ ገባሁ፣ በሩን ገርበብ አደረግኩ። አልጋዋ ላይ ትራስ አለ። ትራሱን እንደ ሰው አስተኛሁና እጄን እንደዚያ ቀን አድርጌ ጀመርኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ግን እትዬ መጣችብኝ። "ክንድሽን ስጪኝ። እንደሱ። አሁን ላዞርሽ ነው፣ አይዞሽ፣ ወደ እኔ በዪ..."

ከሳሎን ጩኸት ሰማሁ። "እሷ ናት! ያቺ ሴትዮ ናት!"

አጎትሽ "ማን?" ይላታል።

"እኔ ምኑን አውቄ! መጋረጃ አይደለም እንዴ የነበረው!"

ወጣሁ። ሬዲዮ አፏን ከፍታ አየችኝ። "አንቺ? አንቺ አልጋ የምታነጥፊው?"

"እኔ ነኝ።"

"ውሸት! አንቺ እኔ ላይ ስትጮሂ እንጂ እንዲህ ስታወሪ ሰምቼሽ አላውቅም! ይሄ ድምፅ የት ነበር?"

አይ ሬዲዮ። "ሞተሽ አልተገኘሽማ!" አልኳት። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። የማቃሰቱንም ነገር አስረዳኋት። "እኔ ደግሞ ይኸው ስንት ወር እንቅልፍ አጥቼ፣ በሕይወት ያለች ሰው ሲወስዱ ዝም አልኩ እያልኩ" አለችኝ። እሷም እንዳንቺው ስትሠቃይ ነው የከረመችው። አጎትሽ ከበሩ ጋ ቆሞ ነበር። "ለትራስ እንዲህ ካወራሽለት..." ብሎ ወጥቶ ደጅ ቆየ።

አቤቱታውን አንሺ አልልሽም። ያንቺ መብት ነው። ሐኪሙና ሲስተር የሚጠየቁት መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔም ከተጠራሁ ይህንኑ እናገራለሁ፣ ደንብ ጥሼ ዘመዴን መገነዜን ጭምር። አንቺ ግን ይህን አንድ ነገር ያዢልኝ፦ በሕይወት ካለች እናትሽ አልተመለስሽም።

እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። "ልጅሽ መንገድ ላይ ናት" ብያታለሁ። መነሣትሽን ሰምቼ ነበር፣ ስለዚህ አልኳት። ኋላ አጎትሽ "መልሻታለሁ" አለኝ፤ እኔም ከቤትሽ ሳትወጪ የቀረሽ ነው የመሰለኝ፤ ሰልፍ ውስጥ እንደነበርሽ ብትጽፊልኝም ያን ባልኳት ሰዓት ከቤትሽ ወጥተሽ እንደሆነ አላውቅም። ለሞተ ሰው ስንት ነገር አውርቻለሁ፣ ዋሽቼ ግን አላውቅም ነበር። ያቺን አንዲት ቃል እያሰብኩ ነው የማድረው።

ፈጣሪ ይርዳሽ ልጄ።
አክስትሽ


መጋቢት 9

አክስቴ፣

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው። እጅሽን ይባርከው።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ተናድጄ አነበብኩት። ጥርሷ ጋ ስደርስ አቆምኩ። እኔ ልጇ፣ እናቴን ያለ ጥርስ ያየኋት በሕይወቴ አንድ ቀን ነው፤ በሩን ሳላንኳኳ ገብቼ። ለሳምንት ኮርፋኛለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀስ ብዬ አነበብኩት፣ እንደገናም አነበብኩት። ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ ያደረገበት ላይ የእኔም ጆሮ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስፌቱ ላይ የሚሰማኝ ማሽኑ ብቻ ነው።

ያቺን ቃል ግን ተዪያት። አጎቴን ደውዬ ሲስተር መቼ እንደደወለችለት ጠየቅኩት፤ እሱም የተደወለለት አንቺ ከጨረስሽ በኋላ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ወዲያው ነው የደወለልኝ። ስለዚህ አንቺ ስታጥቢያት፣ ስታዞሪያት እኔ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ጫማዬ በእጄ ነው። ወደ እሷ እየመጣሁ ነበር አክስቴ። አልዋሸሻትም።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ አሰብኩት። እስካሁን የሚታየኝ የተመለስኩት መንገድ ብቻ ነበር።

አቤቱታውን ማንሣቴን ጽፌ ፈርሜ ለአጎቴ ልኬያለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሐኪሙ ሌላ ወረቀት አለ፣ አንቺ ስጪልኝ። ተቆጣጣሪዋን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። "ማን ሞቶ ነው?" አለችኝ። "ማንም አልሞተም፣ አክስቴን ልጠይቅ ነው" አልኳት፤ ግራ ገብቷት ፈረመችልኝ። በሚያዝያ መጨረሻ እመጣለሁ። መቃብሯን አጎቴ ያሳየኛል። አንቺ ግን አልጋዋን አሳዪኝ። የተኛችበትን ማየት እፈልጋለሁ።

አንቱ ያልኩሽን ይቅር በዪኝ።

ልጅሽ


ሚያዝያ 3

ነይልኝ! የእኔ ልጅ፣ እግርሽ እንቅፋት አይንካው!

ከደስታዬ ብዛት ደብዳቤሽን ለሲስተር አነበብኩላት፤ አንቱ ያልሽኝን ግን አልነገርኳትም፣ የቤታችን ገመና ነው። ደንብ በመጣሴ ማስጠንቀቂያ ጽፈውብኛል። ወስጄ ጠረጴዛዬ ውስጥ አስገባሁት፣ በቃ። ሐኪሙ ወረቀትሽን ቆሞ አነበበና አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ያን ቀን ኮሪደር ላይ ባየኝ ቁጥር ሰላም ሲለኝ ዋለ።

ከአውሮፕላን ስትወርጂ አጎትሽ ይቀበልሻል። እኔ ጠዋት ተረኛ ነኝ፤ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ነይ፣ ጥበቃውን ለእኔ ነው በዪው፣ ያሳልፍሻል።

አልጋዋን አሳይሻለሁ። ባዶ እንዳይመስልሽ ግን። ሐሞቷን ኦፕራሲዮን የሆነች አንዲት አሮጊት ተኝታበታለች። ጠያቂ የላትም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የእኔ ነው ብላ ቀና ትላለች። ስለዚህ ስትገቢ አልጋው ላይ ዝም ብለሽ እንዳታፈጥጪ፣ ትደነግጣለች። መጀመሪያ ሰላም በያት። ጮክ ብለሽ ግን፣ ጆሮዋ ከበድ ይላል።

አክስትሽ